ያደረባቸው ሕመም ስም

በሀዋሳ መሃል ከተማ ሰው ሲሞት፣ ድንኳኑ ገና ሳይተከል ከቤተሰቡ አንዱ ታቢታ ዘንድ ይላካል። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት አላት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የሚያጓራ ፕሪንተር፣ አንድ የላሚኔሽን ማሽን፣ ለባለጉዳይ ደግሞ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትጠርዛለች፣ የሠርግ ጥሪ ታትማለች። ስሟ የገነነው ግን በሕይወት ታሪክ ነው፤ ቀብር ላይ በሚነበበው።

እሷ የጻፈችው ሲነበብ የማያለቅስ የለም። ዕድሜውን ሙሉ ለጎረቤት ሰላምታ የነፈገ ሰውዬ እንኳ ታቢታ ከጻፈችለት "ተጫዋችና ሰው ወዳድ" ሆኖ ይቀበራል። ምን ታድርግ! ልጆቹ ፊቷ ቁጭ ብለው እያለቀሱ "ኩርፍተኛ ነበር" ብላ አትጽፍ ነገር። አንድ ቦታ ላይ ግን ሁሉም ሰው አንድ ነው። የሞቱን ምክንያት ስትጠይቅ ባለጉዳዩ አንገቱን ይደፋና "እሱን እንኳ... እንደተለመደው አድርጊው" ይላል። እንደተለመደው ማለት "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" ማለት ነው። ያቺ አረፍተ ነገር ኮምፒውተሯ ላይ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች፤ ስምና ዕድሜ ብቻ ይቀየርላታል። ስኳር ይሁን፣ ጉበት ይሁን፣ ሌላም ይሁን፣ የከተማው ሰው በሙሉ የሚሞተው ባደረበት ሕመም ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ቀጭን ልጅ ነጭ ጋወኗን ክንዷ ላይ አጣጥፋ ገባች። ሶልያና ትባላለች። ከደሴ የመጣች፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻሊቲዋን የምትማር ሐኪም ናት።

"እትዬ፣ ይቺን መጠይቅ ይተይቡልኛል? ለጥናቴ ነው። ከእንግሊዝኛ የመለስኩት እኔው ነኝ፤ የተንሻፈፈ ነገር ካለ ያቃኑልኝ።"

"የዶክተር አማርኛ መቼ ቀንቶ ያውቃል!" አለች ታቢታ መነጽሯን እያደረገች። "ተቀመጪ።"

ጥናቱ በዘር ስለሚወረስ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር። ታቢታ ስትተይብ የምትጽፈውን አታነብም፤ ጣቶቿ ይሮጣሉ፣ እሷ መንገዱን ታያለች። አንደኛ ጥያቄ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። "ሦስት፤ በአባትዎ ወይም በእናትዎ ወገን ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በትልቁ አንጀት ካንሰር የታመመ ሰው አለ? ሰገራው ላይ ደም ይታይ የነበረ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ደም ያነሰውስ?" "አራት፤ ከአንድ በላይ ከሆኑ፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው?" "አምስት፤ በዚያው ወገን የማህፀን ካንሰር የነበረባት ሴት አለች?"

ጣቶቿ ቆሙ። ፕሪንተሩ ብቻ ከኋላዋ ማጓራቱን ቀጠለ።

"ተበላሸ እንዴ?" አለች ሶልያና።

"ዶክተር፣ ልጠይቅሽ። አባት በአርባ አራት ዓመቱ፣ የአባትየው ወንድም በአርባ አንድ፣ ከዚያ የአባትየው ልጅ በሠላሳ ስምንት። ሦስቱም ደም እያዩ፣ ሦስቱም እየከሱ። ይሄ እርግማን አይደለም ማለት ነው?"

"ማን ናቸው እነዚህ?"

"የኔ ቤት ናቸው።"

ሶልያና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ትልልቅ ቃል አልደረደረችም። "እርግማን አይደለም" አለች። "ሰውነታችን ራሱን ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ እርስዎ ሲተይቡ ፊደል እንደሚስቱት። ስህተቱን እየተከታተለ የሚያርም ነገር ደግሞ አብሮን ይወለዳል። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን ያ አራሚው ራሱ ተበላሽቶ ይወረሳል። ያኔ ስህተቱ ይጠራቀምና ካንሰር ይሆናል፤ አንጀት ላይ፣ ሴቶች ላይ ደግሞ ማህፀን ላይም። ከወላጅ አንዱ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።"

"ታዲያ የወረሰ ሁሉ ይሞታል?"

"ኧረ በፍጹም! ወረሰ ማለት ታመመ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ትንሽ እባጭ ትበቅላለች። ኮሎኖስኮፒ በሚባል ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አይተን እዚያው ነቅለን እንጥላታለን። በየዓመቱ ወይ በየሁለት ዓመቱ መታየት ነው። ካንሰር ሆኖም ቢሆን በጊዜ ከተደረሰበት ይቆረጣል፣ ይዳናል።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "በሕይወት ያለ እህት ወንድም አለዎት?"

"አንድ ወንድም" አለች ታቢታ። "ኩማ።"

ሶልያና ከሄደች በኋላ ታቢታ "ሕይወት ታሪክ" የሚለውን ፋይል ከፈተች። አባቷ ዓለማየሁ ሀሜሶ ሲሞት ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ታይፕ ስትማር የመጀመሪያዋ ሥራ የእሱ የሕይወት ታሪክ ነበር። ከዚያ የአጎቷ የሀብታሙ። ከስድስት ዓመት በፊት ደግሞ የወንድሟ የካሌብ፤ እሱን ስትጽፍ እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ሦስቱንም አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ባደረባቸው ሕመም፣ ባደረባቸው ሕመም፣ ባደረበት ሕመም! ሰፈርተኛው አባቷን ጨጓራ ነው ብሎ፣ አጎቷን ጉበት ነው ብሎ፣ ካሌብን ኪንታሮት ተመርዞበት ነው ብሎ ቀብሯል። እሷም ዝም ብላ ጽፋለች። ተናደደች፤ በሰው አልነበረም የተናደደችው፣ በገዛ እጇ ነበር።

ስለዚያ ቤት ብዙ ይባላል። አያታቸው ሀሜሶ ድሮ የማይነካ ዛፍ ቆርጦ ነው የሚል አለ። ቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ እጅ ተጭኖ ተጸልዮላቸዋል። አርባ አምስት የሞላው ወንድ በቤቱ ታይቶ አያውቅም፤ ቢበዛ አርባ አራት ላይ ያቆማሉ። ኩማ በዚህ ሳይቀር ይቀልዳል፤ "የኛ ቤት ወንድ መንግሥትን ጡረታ አስወጥቶት አያውቅም" ይላል። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነው፣ በመዘምራን ውስጥ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ የእሱ ነው። በገባበት ቤት ሁሉ ሳቅ ይዞ ይገባል።

ሚስቱ ቃልኪዳን ግን ሰሞኑን ለታቢታ "ኩማ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ" ብላት ነበር። ታቢታ ስልክ አነሣች።

"ቃልዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትዋሺኝ። ደም ያያል?"

"ኪንታሮት ነው ይለኛል" አለች ቃልኪዳን። "ከባህል ሐኪም ቅባት አምጥቷል። ስድስት ወር ሆነው። ነገርሽብኝ እንዳይለኝ፣ በሞቴ።"

ታቢታ ለኩማ ሦስት ጊዜ ደወለች። የመጀመሪያውን ጊዜ ሳቀ። ሁለተኛውን "ኧረ ታቢ፣ ቱቦ? በኋላ በኩል? ሐኪም ፊት ሱሪዬን አውርጄ በማግስቱ ፋብሪካው ውስጥ ማንን ነው የማዘው?" አለ። ሦስተኛውን አላነሣም።

ታቢታ እንግዲህ ልማዷ ነው፣ የመጣባትን ነገር በሥራዋ ነው የምትፈታው። ሐሙስ ዕለት "የልጆችህ የልደት ካርድ ኮፒ እዚህ ቀርቷል፣ ና ውሰድ" ብላ አስጠራችው። መጣ፤ ሰማያዊው ወንበር ላይ ተዘርፍጦ "የታለ?" አለ። ከስቷል። አገጩ ሾሏል። እሷ ግን ፊቷን ክችም አደረገች።

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። ከላይ በሙሉ ልብስ የተነሣው ፎቶ አለ። ከሥሩ ጽሑፍ፤ ወረቀቱም ታትሞ ፕሪንተሩ ላይ ተቀምጧል።

"ኩማ ዓለማየሁ" ብሎ አነበበ፣ "ከአባቱ ከአቶ ዓለማየሁ ሀሜሶ ሀዋሳ ከተማ ተወለደ። ምንድን ነው ይሄ፣ ሲቪ ነው? ተጫዋችና ሰው ወዳድ... እሱስ እውነት ነው! ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበር።" "ነበር" ላይ ሳቁ ተቋረጠ።

"ቀጥል" አለች ታቢታ።

"ታቢ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?"

"ቀልድ አይደለም፣ ሥራዬ ነው። እዚህ ጋ ክፍት ቦታ ተውኩ። በተወለደ በአርባ ሁለት ዓመቱ... ከዚያ ምን ልጻፍ? ባደረበት ሕመም ልበል? አባባን እንደዚያ ብዬ ቀበርኩት። ካሌብንም እንደዚያ ብዬ ቀበርኩት። አንተን ግን አልልም። አንተው ስሙን ንገረኝና ልጻፈው!"

ኩማ ብድግ ሲል ወንበሩ ተገለበጠ። "በቁም ሰው ታሟርቺያለሽ? በገዛ ወንድምሽ?" ድምፁ መንገድ ላይ ያለ ሰው አስቆመ። የታተመችውን ወረቀት ከፕሪንተሩ ላይ መንትፎ ጨመደዳትና ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተታት። "ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም!" ብሎ በመጀመሪያው ባጃጅ ተሳፍሮ ሄደ።

ታቢታ ወንበሩን አነሣች። አጠፋሁ ወይስ አበጀሁ? እሷም አታውቅ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ታቦር ሰፈር ድረስ ወሬው ደርሶ አክስቷ እማማ ዱካሌ ከተፍ አሉ። የሟቹ የዓለማየሁ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ከዚያ ትውልድ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንዲት እህት ነበረቻቸው፣ አልማዝ፤ እሷም ገና በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ አልፋለች። እማማ ዱካሌ ጃንጥላቸውን ጠረጴዛው ላይ በኃይል አሳረፉት።

"እሰይ! የቁም ሰው ቀባሪ ሆንሽልን! ወንድምሽን ገድለሽ ፎቶ ለጠፍሽበት! ምን አድርጎሽ ነው ልጄ፣ ምን በድሎሽ?"

"አክስቴ፣ ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም!" በሲዳምኛ አንድ ሁለት ነገር አጉተመተሙ፣ እሱን ባንተረጉመው ይሻላል።

"እንግዲያው ቆመው ይስሙኝ" አለች ታቢታ፣ እሷም ተነሥታ። "ኩማ ደም እያየ ነው። እንደ ካሌብ። እንደ አባባ። ዶክተሯ በዘር የሚወርድ ነው፣ ቀድሞ የመጣ ይድናል ትላለች። የማን ምን እንደነበረ ማወቅ አለባት። እኔ ምን ልበላት? እንደተለመደው ልበላት? እርስዎ ያውቃሉ። አባባን አዲስ አበባ ይዘውት የሄዱት እርስዎ ነዎት። ሐኪሙ ያላችሁን ያውቃሉ!"

እማማ ዱካሌ ቀስ ብለው ሰማያዊው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጃንጥላው ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም።

"ካንሰር አሉት" አሉ። "የትልቁ አንጀት ካንሰር። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ስንወጣ አባትሽ እጄን ያዘኝ። 'ዱካሌ፣ ለማንም አትተነፍሺም' አለኝ። 'ታቢታ ገና አላገባችም። ዘሩ በሽታ አለበት ከተባለ ማን ደጃችን ይመጣል? ማይልኝ' አለኝ። ማልኩለት።"

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ ዝምታ የተጠበቀው ለታቢታ ነበር። እሷ እንድትዳር።

"ሀብታሙም ያው ነው" ቀጠሉ እማማ ዱካሌ። "ጉበት ያልነው እኛ ነን። አልማዝ ደግሞ ማህፀኗ ላይ ነበር፣ እሷ ተለይታ ነው ብዬ ነበር የማስበው።"

"አይደለችም፣ አክስቴ። መጠይቁ ላይ አምስተኛው ጥያቄ እሷ ናት።"

"ወይ አልማዝዬ!" ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። "ካሌብ ሲታመም ልናገር ተነሣሁ፣ መሐላው ያዘኝ። ደግሞ ልጅሽ ሐዳሳ እያደገች ነው፤ እሷንስ ማን ያገባታል አልኩ። ዘር አድናለሁ ብዬ ዘር አስፈጀሁ፣ ታቢታ። በቃ፣ እኔ ነኝ ያስፈጀሁት።"

"አባባ ነው ያስማለዎት። እኔም ነኝ የጻፍኩት። ሁላችንም ነን።" ታቢታ ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች፤ ሁለቱም አለቀሱ። በሩ ላይ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ ተማሪ ግራ ገብቶት ወጣ።

ከዚያ እማማ ዱካሌ አፍንጫቸውን ጠርገው ቀና አሉ። እንዲህ ቀና ሲሉ የሚያውቃቸው ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል። "ሰኞ ጠዋት" አሉ፣ "ባጃጅ ጥሪልኝ።"

ሰኞ በሁለት ሰዓት ባጃጁ ኩማ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ያንጫርራል። ታቢታ አንድ ጥግ ላይ ተሸማቃ ተቀምጣለች። እማማ ዱካሌ አንገታቸውን አውጥተው ሰፈሩን ቀሰቀሱት።

"ኩማ! ውጣ! ሆስፒታል ልታይ ነው፣ ደግፈኝ!"

ኩማ የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ ወጣ። "ምን ሆኑ አክስቴ? ምንዎን ነው የሚታዩት?"

"አንተ ያፈርክበትን! ቱቦውን! የሰባ አንድ ዓመት አሮጊት ካልፈራች አንተ ጎረምሳው ምን ቆርጦህ ትፈራለህ?" ጎረቤት በየአጥሩ ላይ ብቅ ብቅ አለ። ኩማ ፊቱ ቀላ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ሌላ መውጫ ስላልነበረው ይሆናል፣ ገባ። ታቢታን ግን ቀና ብሎ አላያትም።

መንገድ ላይ እማማ ዱካሌ ሁሉንም ነገሩት። አዲስ አበባን፣ በሩን፣ መሐላውን። ኩማ ሆስፒታሉ ደጅ ከባጃጁ ሊወርድ ሲል "ካሌብ ያውቅ ነበር?" አለ።

"አያውቅም ነበር" አሉ እማማ ዱካሌ። "ማንም አልነገረውም።"

ሶልያና ተቀበለቻቸው። የኩማ ደም ተመረመረ፤ በጣም አንሷል። ለሐሙስ ሦስቱም ተቀጠሩ። ለእማማ ዱካሌ እንኳ "ለእርስዎ ብዙም አያሠጋም" ብላቸው ነበር። "ቃሌን አላጥፍም" አሉ።

እሮብ ከሰዓት አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት ሦስቱም ኩማ ቤት ተሰብስበው ጠጡ። ይሄ ትልቅ ስህተት ነበር፤ የኩማ ቤት መጸዳጃ አንድ ነው። ወይ ጉድ! እማማ ዱካሌ በዕድሜ ይቅደሙ ተባለ፣ ቀደሙ፤ አልወጣ አሉ። ኩማ ሆዱን ይዞ በር እየደበደበ "አክስቴ፣ በጌታ ስም ይማሩኝ!" ሲል፣ ታቢታ ወደ ጎረቤት በሩጫ ሄደች። ስትመለስ ኩማ አጥሩ ጋ አገኛት፣ እሱም ወደዚያው ሊሮጥ። ተያዩ። ከኮፒ ቤቱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ሳቃቸው ደግሞ ሆድ ይዞ የሚያስቀምጥ ነበር፣ ለዚያ ቀን ፈጽሞ የማይመከር ሳቅ።

ሐሙስ እማማ ዱካሌ ንጹሕ ሆነው ወጡ። "አዲስ ቧንቧ ነው አሉኝ" እያሉ ለበረኛው ሳይቀር ተናገሩ። ታቢታ ሁለት ትናንሽ እባጭ ተገኘባት፣ እዚያው ተነቀለላት። ኩማ ዘንድ ሶልያና ቆየች። ስትወጣ ፊቷን አይተው ሁሉም ተነሡ።

"ተገኝቷል" አለች። "በስተቀኝ በኩል ነው። ናሙና ወስደናል። ካንሰር ይመስለኛል፤ ግን አልዘገየንም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።"

የናሙናው ውጤት ሲመጣ ካንሰር ነበር። ቀዶ ሕክምናው በሦስተኛው ሳምንት ሆነ፤ አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ታቢታ ስንቱን የሕይወት ታሪክ ጽፋ የማታውቀውን ፍርሃት በዚያ ኮሪደር ላይ አወቀችው። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ሲነዝር የኮፒ ቤቷ ደንበኛ ነበር፤ "አባቴ አርፈውብኝ ነበር" ሲላት ስልኩን ዘጋችበት። ኋላ ይቅርታ ጠየቀችው።

ለውጤቱ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት። ሶልያና ሦስቱንም ጠርታ ወረቀቱን ዘረጋች። "ከአንጀቱ ግድግዳ አልዘለለም" አለች። "ዙሪያውን ያወጣነው ንፍፊት ሁሉ ንጹሕ ነው። ተቆርጦ ወጥቷል። ኬሞ እንኳ አያስፈልግህም፣ ኩማ። እየመጣህ መታየት ብቻ ነው።"

"ማለት?" አለ ኩማ።

"ማለትማ ድነሃል ማለት ነው።"

ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማማ ዱካሌ እልልታውን ሲያቀልጡት ነርሷ "እናቴ፣ ሕመምተኛ አለ!" ብላ መጣች፣ ነገሩን ስትሰማ እሷም እልል አለች።

በዚያ አላበቃም። የኩማና የታቢታ ደም ከሶልያና ጥናት ጋር ወደ ውጭ አገር ተልኮ ነበር፤ ከስምንት ወር በኋላ ውጤቱ መጣ፣ ሁለቱም ወርሰዋል። ታቢታ አንድ ቀን ሙሉ አዝና ተቀመጠች። በማግስቱ ተነሥታ የሀሜሶን ዘር በትልቁ ወረቀት ላይ ሣለችው። የሞተውን በሞተበት ዕድሜና በሕመሙ ስም፣ ያለውን በስልክ ቁጥሩ። ከዚያ ላሚኔት አደረገችው፣ እንዳይቀደድ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ሲደርስ ቤተሰቡ በሙሉ በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ሜዳ ተገኘ፤ በዚያ ቀን መቅረት የሚያስወቅስ ስለሆነ ሆን ብላ ነው ቀኑን የመረጠችው። "አይዴ ጫምባላላ" ብለው የበዓሉን ሰላምታ ተለዋውጠው ሳይጨርሱ ወረቀቷን ዘረጋችባቸው። የተቆጣ ነበር። "በበዓል ቀን?" ያለ ነበር። እማማ ዱካሌ ጃንጥላቸውን ይዘው ከጎኗ ቆሙና የሟቾቹን ስም፣ ዕድሜና ሕመም ጮክ ብለው ጠሩ፤ ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆኑት አሥራ አራቱ በተራ ታዩ፤ አራቱ ላይ እባጭ ተገኘ፣ ተነቀለ። አንዱም ካንሰር አልነበረም።

የታቢታ ልጅ ሐዳሳ በሃያ አምስት ዓመቷ ተመረመረች፣ አልወረሰችም። የእጮኛዋ ሽማግሎች በመጡ ጊዜ ግን እማማ ዱካሌ ማንም ሳይጠይቃቸው ሁሉንም አወጡላቸው። ሽማግሎቹ ተያዩ፣ ወደ ጥግ ሄደው ተመካከሩ። ተመልሰው ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ይህ ምርመራ" አሉ፣ "ለእኛም ልጆች ይሆናል? ወንድሜ ባደረበት ሕመም ነው የሞተው።"

ኩማ አርባ አምስት ዓመት የሞላው ቅዳሜ ቀን ነው። የምስጋና ፕሮግራም ተዘጋጀ። ግቢው ውስጥ የተተከለው የእድሩ ድንኳን ነበር፤ ለአባቱም ለካሌብም የተተከለው ያው ድንኳን። መዘምራኑ መጡ፣ የፋብሪካው ሰዎች መጡ፣ ሶልያና ተጠርታ ከፊት ተቀመጠች። በዚያ ቤት የአርባ አምስት ዓመት ወንድ ምን እንደሚመስል ለማየት የመጣ ጎረቤትም ነበር፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ።

ከመዝሙሩ በኋላ ኩማ ተነሥቶ ከኪሱ አንዲት የተጨማደደች ወረቀት አወጣ። ታቢታ ወዲያው አወቀቻት።

"ይህችን እህቴ ጽፋልኝ ነበር" አለ። "ሳትጨርሳት ተጣላን። ይኸው ሦስት ዓመት ኪሴ ውስጥ አለች። ታቢ፣ ሥራሽን ጨርሺ። አንብቢልኝ።"

ታቢታ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አለሳለሰችና ቆመች። ቀብር ላይ እንደሚነበበው፣ በዚያው ዜማ ጀመረች። "ኩማ ዓለማየሁ ከአባቱ ከአቶ ዓለማየሁ ሀሜሶ ሀዋሳ ከተማ ተወለደ..." አንዳንዱ ደንግጦ አፉን ያዘ። ወደ ክፍት ቦታው ደረሰች።

"በተወለደ በአርባ ሁለት ዓመቱ ታመመ" አለች። ከ"ዓመቱ" በኋላ ወረቀቱ ላይ ምንም አልነበረም። "ያደረበት ሕመም የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። አባታችንን ዓለማየሁን፣ አጎታችንን ሀብታሙን፣ አክስታችንን አልማዝን፣ ወንድማችንን ካሌብን የወሰደብን በዘራችን የሚወርደው ይኸው ነገር ነው። ኩማ ግን ተመረመረ። ታከመ። ዳነ። ዛሬ አርባ አምስት ዓመት ሞላው።"

ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። መዘምራኑ ማንም ሳያዝዛቸው ጀመሩት። ቃልኪዳን ልጆቿን አቅፋ ታለቅሳለች። ኩማ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል "ተጫዋችና ሰው ወዳድ የሚለውን ዘለልሽው!" ብሎ ይሟገታል።

ጩኸቱ በረድ ሲል እማማ ዱካሌ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ሁሉም ምርቃት ጠበቀ።

"ታቢታ" አሉ፣ "ድገሚው።"

"የቱን፣ አክስቴ?"

"ስሙን የጠራሽበትን።"

ታቢታ ይህን ሁሉ ዘመን ስትጽፍ "ድገሚው" ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ወረቀቷን ቀና አድርጋ ያዘችና ከ"ታመመ" ጀምራ፣ መንገድ ላይ ያለው ሰው እንዲሰማ ጮክ ብላ ደገመችው።